11 ቀን ሲቀረን ያገኘናት ጠበቃ

ይህን የምጽፈው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ፣ የአሳይለም (የጥገኝነት) ይግባኛችሁ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ላይ ውድቅ ለሆነባችሁ ነው። ወንድሜን ይዤ ሦስት የጠበቃ ቢሮ ዞሬያለሁ። የማወራው ስለ ሦስተኛው ነው።

ወንድሜ አገር ቤት የታሰረው ጥቅምት 2009 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። የአሳይለም ፎርሙን የሞላለት ሰው 400 ዶላር ተቀብሎ «2009»ን እንዳለ ገለበጠው። በፈረንጆቹ 2016 መሆኑ ነው እኮ! ችሎት ላይ ወንድሜ 2016 ሲል ዳኛው ሰባት ዓመት ይለያያል፣ አላምንህም ብሎ ዘጋው። ይግባኙም አልተሳካም። እናቴ ይህን የሰማች ቀን እህል አልቀመሰችም።

ጠበቃዋ ጋ ስንደርስ 11 ቀን ብቻ ቀርቶን ነበር። የቦርዱን ውሳኔ የሚቃወመው አቤቱታ ቦርዱ ከወሰነበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ሪችመንድ ላለው ፎርዝ ሰርኪት ለሚባለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት መግባት አለበት። የሚቆጠረው ደብዳቤው እጃችሁ ከገባበት ቀን አይደለም። የእኛ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ሳምንት ከርሟል።

በጣም የወደድኩላት አለማባበሏን ነው። ፍርድ ቤቱ አዲስ ማስረጃ አይቀበልም፣ ምስክር አይሰማም፣ የሚያየው ቀድሞ መዝገብ ላይ ያለውን ብቻ ነው አለችን። ከአገር ቤት በስንት መከራ ያስመጣነውን ወረቀት ወደ ጎን አደረገችና የችሎቱን ቃለ ጉባኤ ገጽ በገጽ፣ አስተርጓሚ አስቀምጣ፣ እስከ ማታ 3 ሰዓት አብራን አነበበች። ገጽ 64 ላይ ወንድሜ «እሱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ብሏል። ዳኛው ምንም ሳይል ወደ ሌላ ጥያቄ አልፏል። ያቺን መስመር በእርሳስ አሰመረችባት። እኔ እንባዬ መጣ። ነጥቡ ቦርዱ ፊትም ተነስቶ ስለነበር እንጂ ባይነሳ ኖሮ እዚህ ልናነሳው አንችልም ነበር።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። አቤቱታ ስላስገባችሁ ብቻ ዲፖርት ከመደረግ አትድኑም። ዲፖርት እንዳትደረጉ የሚያግደው ትእዛዝ ለብቻው ይጠየቃል። መመዘኛውም አንድ ካሜሩናዊ ስደተኛ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ባስወሰነው ጉዳይ ላይ የተቀመጠ ነው። አሳይለሙ ቢቀር እንኳ ወደሚሰቃይበት አገር እንዳይመለስ የሚጠይቀውን ክፍልም ለይታ ጽፋለታለች። ያ ግን ግሪን ካርድ አይሰጥም፣ ሚስትም አያስመጣም። ይህንንም ሳትደብቅ ነገረችው።

ጉድለት አላት። ስልክ አታነሳም፣ ኢሜይል የምትመልሰው በሦስተኛው ቀን ነው፣ እኛ ደግሞ በዚያ ጊዜ አንድ ሰዓትም ዓመት ነበር የሚሆንብን። የፍርድ ቤቱ ክፍያ 600 ዶላር መሆኑን ቀድማ አልነገረችንም። አቅም የሌለው በነፃ እንዲታይለት መጠየቅ እንደሚችልም ያወቅኩት ራሴ አንብቤ ነው።

ከ14 ወር በኋላ ውሳኔው መጣ። ፍርድ ቤቱ አሳይለም ራሱ አይሰጥም፤ የወንድሜ ማብራሪያ አልታየም ብሎ ጉዳዩን ለቦርዱ መለሰው። አሁን አዲስ ቀጠሮ እየጠበቅን ነው።

የቢሮዋን ስም የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ። ስትሄዱ የቦርዱን ውሳኔ ያዙ፤ ቀኖቻችሁንም በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ሂዱ።