ሦስት ቅዳሜ ከአሜሪካ ሙዚቃዊ ቴአትር ጋር

በደብረ ማርቆስ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የቪዲዮ ቤት የአሜሪካን ሙዚቃዊ ቴአትር የሃያኛ ክፍለ ዘመን ታሪክ በቅንጭብ ፊልምና በአማርኛ ማብራሪያ በሦስት ቅዳሜዎች ያቀረበ ሲሆን፣ የመግቢያው 30 ብር ከነቡናው የሚያስቆጭ አልነበረም።

የዝግጅቱ ጉልበት ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። አቅራቢው፣ እ.ኤ.አ. በ1927 የቀረበው «ሾው ቦት» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር ዘፈንን ከዘር መድልዎ ታሪክ ጋር እንዴት እንዳጋመደ ካስረዳ በኋላ፣ በ1943 የተከፈተውና 2,212 ጊዜ የታየው «ኦክላሆማ» በተለመደው የዘፋኞች አጀብ ፋንታ ቅቤ በምትንጥ አንዲት ሴት እንደሚጀምር፣ ዘፈኑም ከመድረኩ ውጭ እንደሚሰማ አሳየን። ሴትዮዋ ዘንጉን ወደ መናጫው ስትሰብቅ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ቅል የላቸውም እንዴ?» ብለው አዳራሹን አሳቁት።

በ1957 የወጣው «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» በአጭሩ፣ ግን በጥሩ ሁኔታ ተነሥቷል። ቅሬታዬ በ1921 ጥቁር አሜሪካውያን ደርሰውና አቀናብረው እስከ ኒው ዮርኩ የቴአትር ሰፈር ብሮድዌይ ያደረሱት «ሸፍል አሎንግ» ጨርሶ አለመጠቀሱ ነው። የዘፈኖቹ ግጥም አለመተርጎሙም፣ ሰምና ወርቅ መፈልቀቅ ለለመደ የጎጃም ተመልካች፣ ቀላል ጉድለት አይደለም። ድምፅ ማጉያውም ከበሩ አጠገብ ስለተሰቀለ የባጃጅ ጥሩምባ አብሮ ይዘፍን ነበር፤ ስለዚህ ወደ ፊት መቀመጥ ይሻላል።