ፊዚዮቴራፒ ብቻ ወይስ ከብርሃን ሕክምና ጋር?

ደብረ ማርቆስ ያለች፣ ልጇ ስፓይና ቢፊዳ (በማኅፀን ሳለ አከርካሪው በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳበት የልደት ችግር) ያለበት እናት ብሯን የቱ ላይ ታውለው? እኔ ፊዚዮቴራፒው ላይ ባይ ነኝ። ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ቀስ እያሉ ማጠፍና መዘርጋት፣ ጉልበቱን ደግፎ ማቆም ጅማት እንዳያጥር፣ መገጣጠሚያ እንዳይደርቅ ይረዳል። ባለሙያው በደንብ ካሳያት ቤቷ መደብ ላይም ታሠራዋለች፤ ሁሌ ባሕር ዳር መመላለስ ላያስፈልጋት ይችላል። (የሚለጠጥ ላስቲክ ከተጠቀመች ላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) የሌለበት ይሁን። እነዚህን ልጆች ላቴክስ ቶሎ አለርጂ ያስይዛቸዋል።)

የብርሃን ሕክምናውስ (አነስተኛ ኃይል ያለው የሌዘር ወይም የኤልኢዲ ብርሃን በመሣሪያ ጡንቻ ላይ ማብራት)? ከፊዚዮቴራፒ ጎን ለጎን ጡንቻን ያግዝ እንደሆነ በትንንሽ ጥናቶች ተሞክሯል። ማስረጃው ገና አጥጋቢ አይደለም፤ የተጎዳውን ኅብለ ሰረሰርም አይጠግንም። ትርፍ ብር ካለ፣ ሐኪሙም ከፈቀደ ይጨመር። ብቻ እግሩ የማይሰማው ልጅ መሣሪያው ቢግል እንኳ «አቃጠለኝ» አይልምና ያለ ባለሙያ ቤት ውስጥ አይሞከር።