ካድሚየም ሰልፋይድ ወይስ ካርቦን ናይትራይድ?

ሁለቱም ፎቶካታሊስት ናቸው፤ ማለትም ብርሃን መጥጠው ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥኑ ቁሶች። ውሃ ውስጥ ሆነው በሚታይ ብርሃን ሃይድሮጅን ያመነጫሉ።

ብርሃን፦ ካድሚየም ሰልፋይድ (ኤሌክትሮኑን ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው ኃይል 2.4 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ) እስከ 515 ናኖሜትር ድረስ ይመጥጣል። ካርቦን ናይትራይድ (2.7) 460 አካባቢ ያቆማል።

አሠራር፦ ካርቦን ናይትራይድ ቀላል ነው፤ ሜላሚን ወይም ዩሪያ ክዳን ባለው የሴራሚክ ዕቃ በ550 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ4 ሰዓት ይጋገራል። ክዳኑ ከተረሳ አብዛኛው ተንኖ ይጠፋል። አሞኒያ ስለሚወጣ አየር ማስወጫ ያስፈልጋል። ካድሚየም ግን መርዝ ነው፤ ቆሻሻው ለብቻው ይጠራቀማል።

ችግሩ፦ ካድሚየም ሰልፋይድ ራሱን ይበላል። ብርሃን የፈጠራቸው አዎንታዊ ቀዳዳዎች (ኤሌክትሮን ለቆ የሄደባቸው ባዶ ቦታዎች) ውሃውን ትተው የራሱን ሰልፋይድ ያጠቃሉ፤ ካድሚየሙም ይሟሟል። ሶዲየም ሰልፋይድና ሶዲየም ሰልፋይት ሲጨመሩ ቀዳዳዎቹን ይወስዳሉ፤ ሲያልቁ ጉዳቱ ይመለሳል። (ይህን ሃይድሮጅን «ውሃ ከመሰንጠቅ የተገኘ» ማለት ግን ማጋነን ነው፤ ሰልፋይዱም ተበልቷል።)

ካርቦን ናይትራይድ አይሟሟም፤ ኤሌክትሮኖቹና ቀዳዳዎቹ ግን ሥራ ሳይሠሩ ቶሎ ተመልሰው ይገናኛሉ። ከክብደቱ እስከ 3 በመቶ ፕላቲነምና ቀዳዳዎቹን የሚወስድ ትራይኢታኖላሚን ካልተጨመረ የሃይድሮጅኑ ምርት ኢምንት ነው።

ሰልፋይድ ያለበት ፍሳሽ ካለና ፍጥነት ከተፈለገ ካድሚየም ሰልፋይድ ይሻላል። ከሃይድሮጅን ሌላ ለሆነ ሥራ፣ ለምሳሌ ቤንዚል አልኮልን ወደ ቤንዛልዲሃይድ ለመለወጥ፣ ምርቱም ከብረታ ብረት ርዝራዥ ነፃ እንዲሆን ካርቦን ናይትራይድ ይሻላል።