የእህል በረንዳውን የዱቤ መዝገብ ላተረፈችልን ፕሮግራመር

ለአንዲት ፕሮግራመር ያለብኝን ምስጋና በአደባባይ ላቅርብ። ስሟ እንዳይጻፍ ጠይቃኛለችና አልጽፈውም፤ ስለ ሥራዋ ማውራት ግን አልከለከለችኝም።

እህል በረንዳ ለሚነግዱ ጥቂት ሰዎች የዱቤ መዝገብ በጃቫስክሪፕት ሠርቼላቸዋለሁ። ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ መረጃው መጀመሪያ የሚቀመጠው በየስልካቸው ብራውዘር ውስጥ፣ ኢንዴክስድዲቢ በሚባለው ዳታቤዝ ነው፤ ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ሰርቨር ይላካል። ባለፈው ወር ደንበኛን በስልክ ቁጥሩ ለመፈለግ የሚያስችል ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) ልጨምር ብዬ የዳታቤዙን ስሪት፣ ማለትም የአወቃቀሩን ተራ ቁጥር፣ ከ3 ወደ 4 አሳደግሁት። በማግስቱ ማለዳ አንድ አዛውንት ነጋዴ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ መዝገቡ ባዶ ሆነብኝ" አሉ። የ11 ቀን ዱቤ ገና ወደ ሰርቨር አልተላከም ነበር። ማን ስንት ኩንታል ጤፍ ወስዶ እንዳልከፈለ የሚያውቀው ያ ስልክ ብቻ ነው።

አንድ የሙያ ባልደረባዬ "የብራውዘሩን መረጃ አጥፍተው እንደገና ይክፈቱት" አለኝ። ያንኑ ለሽማግሌው ልነግራቸው ስል አንድ ወዳጄ የዚህችን ፕሮግራመር ስልክ ቁጥር ሰጠኝ። ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ ያለችው ይህን ነው፦ "ጋሼ፣ ማንም ምንም እንዳይነካ። መረጃው አልጠፋም።"

የሽማግሌውን ስልክ ሳታየው እንዴት እንዳወቀች የገባኝ ኋላ ነው። የኢንዴክስድዲቢ ስሪት ሲያድግ ሥራው በሙሉ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይካሄዳል፤ ትራንዛክሽን ማለት ወይ ሁሉም የሚሳካ ወይ ሁሉም የሚቀር የሥራ ጥቅል ነው። መሐል ላይ ከከሸፈ በዚያ ሥራ የተለወጠው ሁሉ ይሰረዛል፤ የስሪት ቁጥሩም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ የሽማግሌው መዝገብ በስሪት 3 እንዳለ ተቀምጧል፤ የእኔ ኮድ ግን ስሪት 4ን እየጠየቀ በከፈቱት ቁጥር ይወድቃል። የብራውዘሩን መረጃ ብናጠፋ ኖሮ የ11 ቀኑ ዱቤ በገዛ እጃችን በጠፋ ነበር።

ማታ ከመደበኛ ሥራዋ ስትወጣ መጣች። ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኝታ አንዲት ቀይ መስመር አሳየችኝ፤ "ኢንቫሊድስቴትኤረር" የሚል የስህተት መልእክት ነው። እኔ ስሪቱን በሚያሳድገው ማሻሻያ መሐል የቆዩትን መዝገቦች ለማንበብ አዲስ ትራንዛክሽን ለመክፈት ሞክሬ ነበር። አይቻልም። ስሪት በሚያድግበት ጊዜ የሚሠራው አንድ ትራንዛክሽን ብቻ ነው፤ እሱም ዳታቤዙን እንዲከፍት ባቀረብነው ጥያቄ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። "አዲስ አይከፍቱም ጋሼ፣ የተሰጠዎትን ይጠቀሙ" አለችና የኢንዴክስድዲቢን መስፈርት ራሱን ከፍታ አስነበበችኝ። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ድርጅት፣ የደብሊውስሪሲ ሰነድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቀ፣ በ2018 ሁለተኛው እትም የወጣለት። በግምት አትናገርም፤ ይህ ጠባይዋ በጣም ደስ ይለኛል።

መስመሩን አስተካክዬ ኮዱን ላኩላት። በዚያው የየደንበኛውን የሰፈር ስም ከሰርቨር አምጥቶ እንዲጨምር አድርጌ ነበር። ለነጋዴዎቹ እንዳልልከው ከለከለችኝ፤ በሙከራ ስልክ ላይ አስኬደችውና ከመጀመሪያው የባሰ ጥፋት እንደሆነ አሳየችኝ። ትራንዛክሽኑ የሚሠራው ነገር ሲያጣ ቆሞ አይጠብቅም፤ እስከዚያ የተሠራውን አጽድቆ ይዘጋል። የእኔ ኮድ የሰርቨሩን መልስ ሲጠብቅ ትራንዛክሽኑ ተዘግቶ፣ ስሪቱ 4 ሆኖ፣ ሥራው ግን በግማሽ ቀርቷል። ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር የለም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈትም ስሪቱ አድጓልና ማሻሻያው ዳግመኛ አይጠራም። ከሰርቨር የሚመጣውን ዳታቤዙን ከመክፈታችን በፊት አስመጥታ ማሻሻያው ውስጥ የዳታቤዝ ሥራ ብቻ አስቀረች።

አንድ ነገር ደግሞ ቀረ። ኢንዴክሱን አንድ ስልክ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይገባ አድርጌ አዝዤው ነበር። መዝገቡን ስታይ ባልና ሚስት በአንድ ስልክ፣ በየስማቸው ዱቤ ይወስዳሉ። እንዲህ ያለ ኢንዴክስ የተደገመ ቁጥር ካገኘ ማሻሻያውን በሙሉ ያከሽፈዋል። "ቁጥሩ የቤተሰብ ነው፣ የአንድ ሰው አይደለም" ብላ ክልከላውን አነሳችው። ይህን የምታውቀው ሰው እንዴት እንደሚኖር ስለምታይ ነው፤ ኮድ ብቻ የሚያይ ሰው ልብ አይለውም።

ሽማግሌው ሱቅ የሄድነው ቅዳሜ ነው። መጀመሪያ በስሪት 3 ያሉትን መዝገቦች ቆጥራ ቁጥሩን በእርሳስ ካርቶን ላይ ጻፈች፤ ቅጂም አስቀመጠች። ከዚያ አዲሱን ኮድ ስትጭን ገጹ ዝም አለ። እኔ ላብ አጠመቀኝ፤ እሷ ግን "ሌላ ቦታ ተከፍቶ ይሆናል" አለች። እውነትም የልጅ ልጃቸው በዚያው ስልክ መዝገቡን በሌላ ትር (በብራውዘሩ ሌላ ገጽ) ከፍቶት ኖሯል። አሮጌው ግንኙነት ካልተዘጋ አዲሱ ስሪት ይጠብቃል። ትሩን ዘጋችው፤ ሌላ ጊዜ የስሪት ለውጥ ጥሪ ሲመጣ ገጹ ራሱ ግንኙነቱን እንዲዘጋም እዚያው ጻፈችልኝ። ማሻሻያው ሲያልቅ እንደገና ቆጠረች። ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ ነው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው የጥቅምትን ዱቤ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና "እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ" አሏት።

ዋጋዋን የተናገረችው ሥራውን ከመጀመሯ በፊት ነው፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሳም አንድ ብር አልጨመረችም። ቀን ሥራ ላይ ስለምትሆን ስልክ አታነሳም፤ መልእክት ከተዉላት ማታ ትመልሳለች። ቅጂ ያልተቀመጠለትን ዳታቤዝ አትነካም፣ ቢቸኩሉባትም። እኔ በበኩሌ ይህንን ወድጄላታለሁ።

እህቴ፣ ብድርሽን መላሽ ያድርገኝ። ተመሳሳይ ችግር የገጠማችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። እስከዚያው የብራውዘሩን መረጃ አታጥፉ።