የልጅ አስጠኚ ለምትፈልጉ (ለእኛዋ ሚስም ምስጋና)

ልጄ 5 ዓመቷ ነው፣ ኤልኬጂ ናት። ከ1 እስከ 20 እንደ መዝሙር ታንበለብለዋለች። እንግዳ ሲመጣ "እስኪ ቁጠሪላቸው" እያልኩ ስኮራባት ኖርኩ። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ "ከ7 ቀጥሎ ስንት ነው?" አልኳት። ዝም። ከዛ ከ1 ጀመረች። 7 ላይ ሳትቆም እልም ብላ 20 ገባች። ለካ የምታውቀው ዜማውን ነው።

የትምህርት ቤቷ መፍትሄ "ከ1 እስከ 50 እየደጋገመች ትጻፍ" ሆነ። ማታ ማታ ደብተሩ በእንባ ይርስ ጀመር። የእሷ እንባ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ከአስጠኚዋ ከሚስ ጋር ያገናኘችኝ ጎረቤቴ ናት። ሚስን ሳላስፈቅዳት ስሟን እዚህ አልጽፍም። ረቡዕና ቅዳሜ ቤት ድረስ እየመጣች ታስጠናለች። የመጀመሪያ ቀን ደብተር አልጠየቀችም። "ያለፈው ዓመት ካላንደር አላችሁ?" አለች። መቀስ፣ ኮላ፣ የጫማ ካርቶን ክዳን። በቃ።

የጀመረችው በጳጉሜን ነው። 5 ቀን ብቻ ናታ! ልጄ ቁጥሮቹን ቆረጠቻቸው፣ ደባለቀቻቸው፣ መልሳ ደረደረቻቸው፣ ክዳኑ ላይ ለጥፋ "ጨረስኩ!" ብላ ጮኸች። ደብተር ይዛ ጨረስኩ ብላ አታውቅም። ከዛ መስከረም መጣ፣ መጀመሪያ እስከ 10፣ ቀስ እያለ እስከ 30። ካላንደሩ ላይ በትንሹ የሚጻፈውን የፈረንጆቹን ቀን ሚስ ቀድማ በማርከር ታጠፋዋለች፣ ግራ እንዳያጋባት።

ኮላ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ይደረደራል፣ በጣት እየተነካ ይነበባል። ከ7 ቀጥሎ 9 ከተቀመጠ ሚስ "ተሳስተሻል" አትልም። "8 የት ሄደ? ቤቱን ማን ወሰደበት?" ትላለች። ልጄ ወለሉ ላይ ትፈልጋለች፣ ታገኘዋለች፣ 9ን ገፋ አድርጋ ታስገባዋለች። ደብተር ላይ የተሳሳተ ቁጥር ላጲስ ይፈልጋል፣ ኩርፊያም አለው። ወረቀት ግን ገፋ ይደረጋል፣ አለቀ።

6 እና 9 ተቆርጠው ሲወጡ አንድ ናቸው፣ አስባችሁት ታውቃላችሁ? እኔ አላሰብኩትም። ልጄ ሁለት 9 ለጥፋ 6 ጠፋብኝ ብላ አለቀሰች። ሚስ ከእያንዳንዱ ቁጥር ስር አጭር መስመር አሰመረችና "ይሄ መሬቱ ነው፣ ቁጥሩ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው" አለቻት። ከዛ በኋላ ተገልብጦ አያውቅም።

ሌላው የወደድኩላት፣ መጀመሪያ በአማርኛ ታስቆጥራታለች። ትዌልቭና ትዌንቲ ለሷ አንድ ነበሩ። አስራ ሁለት ግን አስርና ሁለት መሆኑን ራሱ ይናገራል። ያ ከገባት በኋላ እንግሊዝኛው ብዙም አልከበዳት።

ባለፈው እሁድ በኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ስናልፍ ቆም ብላ ወደ ላይ አየች። ብሎክ 12 አለ፣ ቀጥሎ ያለው 14። "እማዬ፣ 13 ቤቱን ማን ወሰደበት?" አለችኝ። ዞረን ፈልገን ከጀርባ አገኘነው።

ሚስ እንከን የላትም አልልም። በታክሲ ሰልፍ ምክንያት አልፎ አልፎ ታረፍዳለች። ከሄደች በኋላ ደግሞ ምንጣፉ ላይ የሚቀረውን ቁርጥራጭ መልቀም የእናንተ ፈንታ ነው። ክፍያዋ ግን ከሌሎቹ አስጠኚዎች አይበልጥም፣ ትዕግስቷ ደግሞ ዋጋ አይወጣለትም። ሚስዬ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ማታ ቤታችን ውስጥ ለቅሶ የቀረው ባንቺ ነው።

ገርጂና ሰሚት አካባቢ ያላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ከመምጣቷ በፊት ግን የዘንድሮውን ካላንደር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ልጄ የአያቷን ካላንደር አውርዳ ታህሳስን ቆራርጣዋለች። እማማ ይኸው እስከዛሬ ገና ስንት ቀን እንደቀረው የሚያዩት ከጫማ ካርቶን ክዳን ላይ ነው።