ፒኤስ ፎር "14 ጌም የተጫነበት" የሚላችሁ ሻጭ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት

አቦ እንዴት ናችሁ የድሬ ልጆች፣ የሐረር ልጆች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይስቴሽን (ቲቪ ላይ የሚሰካ የጌም ማሽን፣ ፒኤስ ፎርና ፒኤስ ፋይቭ የምንላቸው) ልትገዙ ብር እያጠራቀማችሁ ከሆነ እባካችሁ ይቺን እስከ መጨረሻዋ አንብቧት። እኔ በተበላሁበት መንገድ አሁንም ሰው እየተበላ ነው። ጥቂት ደቂቃ በሚፈጅ ነገር መከላከል ይቻል ነበር፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሚኒስትሪ ካለፈ ፕሌይስቴሽን እገዛልሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼለት ነበር። ልጁ አለፈ። እናታችንም በዚህ ፀሐይ ከጌም ቤት ጌም ቤት ከሚዞር ዓይኔ እያየው ቤት ቢጫወት ይሻለኛል አለች። ከዚያ ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። "ፒኤስ ፎር ስሊም፣ 500 ጊጋ፣ በጣም ኒት፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ 14 ጌም የተጫነበት፣ 32 ሺህ፣ ትንሽ ድርድር አለው።" ሌሎቹ ባዶውን ማሽን በዚያው ዋጋ ይሸጣሉ፣ ይሄኛው 14 ጌም አለው፣ ስለዚህ ያተረፍኩ መሰለኝ።

ደወልኩለት። ከዚራ ሰፈር አንድ ዘመዱ ሱቅ ውስጥ 6 ሰዓት ተኩል ላይ እንገናኝ አለኝ። የድሬን ቀትር የምታውቁ ሰዓቱ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ሱቅ የሚዘጋበት፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ የሚሮጥበት ሰዓት ነው። ስደርስ ባለሱቁ በሩን ግማሽ ድረስ አውርዶ ቁልፉን በእጁ ይዞ ቆሟል። ልጁ ማሽኑን ቲቪው ላይ ሰካው፣ ፊፋ ከፈተ፣ ጆይስቲኩን ከእጁ ሳያወጣ ራሱ ትንሽ ተጫወተ፣ አንድ ጎል አገባና ዘጋው። የቀሩትን ጌሞች ወደ ጎን እያንሸራተተ አሳየኝ። የሁሉም ፎቶ ተደርድሯል። "ኢንተርኔት ላይ ብቻ እንዳታገናኘው፣ ይበላሽብሃል" አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ለምን ይበላሻል ብዬ አልጠየቅኩም። ብሩን በስልክ አስተላለፍኩ፣ ደረሰኝ የሚባል ነገር አልተነሳም፣ ማሽኑን በፌስታል ይዤ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ሦስት ሳምንት ቤታችን ደስ ብሎት ከረመ። አንድ ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ መጣና ኦንላይን እንጫወት ብሎ በስልኩ ሆትስፖት አገናኘው። ትንሽ ቆይቶ ወንድሜ ጠራኝ። የፊፋው ፎቶ ጎን ላይ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ወጥታለች። ቀጥሎ ያለው ላይም አለች። እስከ መጨረሻው ሄድን፣ አስራ አራቱም ተቆልፈዋል። ወንድሜ ጆይስቲኩን መሬት አስቀምጦ "እኔ ነኝ እንዴ ያበላሸሁት?" አለኝ። ምንም ያጠፋው ነገር አልነበረም፣ ግን ያን ቀን መልስ አልነበረኝም።

አሁን አለኝ። በደንብ ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ይህን ያላወቀ ሰው ሁሌም ይበላል።

ፕሌይስቴሽን ላይ በኢንተርኔት የተገዛ ጌም ሁልጊዜ የገዛው አካውንት ንብረት ነው። ማሽኑ ማረፊያው ብቻ ነው። ባለአካውንቱ ጌሙን ከገዛ በኋላ አንድ ፒኤስ ፎር "ፕራይመሪ" ብሎ ይመዘግባል። ፕራይመሪ በሆነው ማሽን ላይ ሌላ ሰው በራሱ ዩዘር ገብቶ ያንን ጌም መጫወት ይችላል። አሠራሩ ለቤተሰብ የታሰበ ነው፤ አባት የገዛውን ልጅም ይጫወትበት ተብሎ። ግን አንድ አካውንት በአንድ ጊዜ ፕራይመሪ የሚያደርገው አንድ ፒኤስ ፎር ብቻ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ማሽኑ እጁ ላይ ባይኖርም በአምራቹ በሶኒ ድረ ገጽ ገብቶ የተመዘገበውን ማሽን መሰረዝ ይችላል፣ በ6 ወር አንድ ጊዜ ይፈቀድለታል። እሱ የሰረዘ ዕለት እናንተ ቤት ያለው ማሽን ኢንተርኔት ሲያገኝ ያውቃል፣ ቁልፉ ይወጣል። ጌሙ ሃርድ ዲስኩ ላይ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል፣ ግን አይከፈትም። አካውንቱ እጁ ላይ ያለ ሰው ያንኑ ጌም ሌላ ማሽን ላይ ጭኖ እንደገና ለሌላ ሰው መሸጥ ይችላል ማለት ነው።

ለልጁ ደወልኩለት። "የሸጥኩልህ ማሽኑን ነው፣ ጌሙ ስጦታ ነው" አለኝ። ማስታወቂያህ ላይ እኮ 14 ጌም ይላል ስለው ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ብሎክ ነኝ። አቤት ልል ብል በእጄ አንድም ወረቀት የለም።

ስለዚህ ያገለገለ ማሽን ልትገዙ ስትሄዱ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይሄን አስታውሱ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑ ባዶ ይደረግ። ሴቲንግ ውስጥ "ኢኒሻላይዜሽን" የሚል አለ፣ እዚያ "ኢኒሻላይዝ ፒኤስ ፎር" በሉት። "ፉል" የሚለው ሰዓታት ይፈጃል፣ "ኩዊክ" የሚለው ግን ቶሎ ያልቃል፣ ለእናንተ ጉዳይ እሱ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የቀረው ነው የእናንተ ዕቃ። ሻጩ "እንዴ ጌሞቹ ይጠፋሉ!" ካለ እውነቱን ነው፣ ይጠፋሉ። እንግዲያው ዋጋውን እንደ ባዶ ማሽን ተነጋገሩ። እንቢ ካለ ጥላችሁ ውጡ፣ ምንም አታፍሩ። እኛ ሰፈር ሰው ፊት "አላመንኩህም" ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔንም የያዘኝ ይሉኝታ ነው።

ባዶ ከሆነ በኋላ በስልካችሁ ሆትስፖት አገናኙትና በራሳችሁ አካውንት ግቡ። አካውንቱን ቀድማችሁ ቤት ክፈቱ። አገር ሲጠይቃችሁ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፣ ሰው ሌላ አገር መርጦ ነው የሚከፍተው። የመረጣችሁትን አገር አትርሱት፣ ኋላ ውጭ ያለ ዘመድ የስጦታ ካርድ ቢልክላችሁ ካርዱ የዚያው አገር ካልሆነ አይሠራም። ይህ ሁሉ ልፋት ለምን መሰላችሁ? ማሽኑ ራሱ ከሶኒ ኔትወርክ ታግዶ ከሆነ እዚያው፣ ብሩ ኪሳችሁ እያለ ታዩታላችሁ። "ኢንተርኔት አታገናኘው" የሚል ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው።

አንዳንዱ ይህን የሚለው ማሽኑ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያልተገዛ ጌም እንዲቀበል ሶፍትዌሩ የተነካካ ስለሆነ ነው። ክራክ የሚሠራው አሮጌ ሶፍትዌር ላይ ነው፣ አፕዴት ካደረጋችሁት ይጠፋል፣ ሙሉ ለሙሉ ጠፍቶ ሲበራ እንደገና መጀመር አለበት፣ ኦንላይን ከወጣችሁበት ሊታገድ ይችላል። ለጀማሪ አልመክርም።

ዲስክ ግን ሌላ ነው። በዲስክ የተገዛ ጌም የእናንተ ነው፣ ሲሰለቻችሁ ትሸጡታላችሁ፣ ከጓደኛ ትቀያየራላችሁ። ለዚህ ነው ዲስክ የሚቀበል ማሽን ግዙ የምለው። ፒኤስ ፋይቭ ከሆነ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ፣ ዲጂታል የሚባለው ዲስክ ማስገቢያ የለውም። ዋጋው ቀነስ ስለሚል ሰው ዘሎ ይገባበታል፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጌም ከኢንተርኔት መግዛትና ማውረድ ነው። በእኛ ዳታ 50 ጊጋ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ልትገዙ ስትሄዱ የሚሠራ ዲስክ ከጓደኛ ተውሳችሁ ያዙ። አስገቡት፣ ይሳበው፣ ያንብበው፣ ጌሙ ይከፈት፣ አውጡት፣ እንደገና አስገቡት። አንዳንድ የፒኤስ ፎር ሞዴሎች ላይ የዲስክ ማንበቢያው ቦርድ ከዋናው ቦርድ ጋር የተጣመረ ነው፣ ከሌላ ማሽን አውጥቶ መግጠም ብቻውን አይሠራም። "ሌንሷ ትንሽ ደክማለች፣ ትጠገናለች" የሚሏችሁን አትቀበሉ።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ይሄ ለድሬ ልጅ የተለየ ጉዳይ ነው፣ ከሐረር ይልቅ እኛን ይመለከታል። የፒኤስ ፎር መመሪያ ማሽኑ የሚሠራበት ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ነው ይላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ በቀትር ከ35 በላይ ትወጣለች፣ ያውም ጥላ ውስጥ። የእኔ ማሽን ከጌሞቹ መቆለፍ በፊትም ግማሽ ሰዓት ሲጫወቱበት እንደ ዳገት የሚወጣ ባጃጅ ይጮህ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀይ መብራት አብርቶ በራሱ ጠፋ። ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሲከፍተው ማራገቢያው በአቧራ ተሸፍኖ እንደ ጥጥ ሆኗል፣ በጣቱ ቆንጥሮ አወጣው። ቺፑ ላይ የሚቀባው ማቀዝቀዣ ፓስታ ደግሞ ደርቆ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል። ውጪው በጣም ኒት የተባለው ማሽን ማለት ነው! ጠርጎ፣ አዲስ ቀብቶ ሰጠኝ፣ አሁን ድምፁ ወርዷል።

ስለዚህ አምስት ደቂቃ አይቶ መግዛት የለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ከበድ ያለ ጌም አጫውቱት፣ እጃችሁን ጀርባው ላይ አድርጉ፣ ድምፁን ስሙ። በቀትር ጥድፊያ አትገናኙ፣ ከሰዓት ሱቅ ከተከፈተ በኋላ፣ 10 ሰዓት ገደማ ይሁን። ሲበራ መብራቱን ተመልከቱ፦ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ነጭ መሆን አለበት። ብርቱካናማው ተኝቷል ማለት ነው። ሰማያዊው ብልጭ ብልጭ እያለ ነጭ አልሆን ካለ ውስጡ ችግር አለ፣ አትንኩት። ቀይ ከሆነ ሞቋል።

ቤት ከገባ በኋላም ቡፌ ውስጥ አትዝጉበት። እናቴ እንዳያስጠላ ብላ ዳንቴል አልብሳው ነበር፣ ቲቪውንም ሬዲዮውንም እንደምታለብሰው። እማዬ ይሄ መተንፈስ አለበት ብዬ አስነሳኋት። አሁን ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቡፌው አናት ላይ ነው።

ጆይስቲኩን እናንተው ያዙት። ፊፋ ላይ ጣታችሁን ከዱላው አንሱና ተጫዋቹን ተመልከቱ፣ ማንም ሳይነካው በራሱ የሚሄድ ከሆነ ጆይስቲኩ ደክሟል። ኤችዲኤምአይ ገመዱን መሰኪያው ላይ ትንሽ ነቅነቅ አድርጉት፣ ምስሉ የሚጠፋ ከሆነ መሰኪያው ተነካክቷል። ቤታችሁ ያለው አሮጌ ቲቪ ከሆነ ደግሞ ኤችዲኤምአይ መኖሩን ቀድማችሁ እዩ፣ ፒኤስ ፎር ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ ገመድ አይቀበልም። ከጀርባው ያለውን ሞዴል ቁጥርም አንብቡ። በ2013 የወጣው ወፍራሙ ሲዩኤች 1 ብሎ ይጀምራል፣ በ2016 የወጣው ስሊም ሲዩኤች 2፣ ፕሮው ሲዩኤች 7። ካርቶኑ ሌላ፣ ማሽኑ ሌላ ሊሆን ይችላል።

የሐረሩን ነገር ሳልነግራችሁ ላልፍ ነበር። አጎቴ ለልጁ ብሎ አንድ ሱቅ ገባና "ፒኤስ ፋይቭ" ገዛ። ዋጋው በጣም ርካሽ ነው፣ መልኩም ነጭና ጥቁር፣ ክንፍ ክንፍ ያለው፣ ቁርጥ እሱን ይመስላል። ደስ ብሎት በቪዲዮ ደውሎ አሳየኝ። በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ይዞታል፣ እንደ ባዶ የወተት ካርቶን። አጎቴ ቀስ ብለህ አስቀምጠውና ገመዱን አሳየኝ አልኩት። ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ። ውስጡ ድሮ ቴፕ እየሰካን የምንጫወታቸው ዓይነት ጥቃቅን ጌሞች ናቸው፣ እነሱም እየተደጋገሙ። በ2020 የወጣው ባለ ዲስኩ ፒኤስ ፋይቭ 4.5 ኪሎ ይመዝናል፣ ቀጭኑ ባለ ዲስክ ስሊም እንኳ ከ3 ኪሎ በላይ ነው፣ ቢጫ ገመድ የሚሰካበት ቦታም የለውም። ኪሎውን በእጃችሁ ብቻ ታውቁታላችሁ። የአጎቴ ልጅ ገና ሰባት ዓመቷ ነው፣ ወዳዋለች፣ እየተጫወተችበት ነው። አጎቴ ግን ያወጣውን ብር ሳስብ ሆዴ ይበላኛል።

ደረሰኝ ጠይቁ። ደረሰኝ ከሌለው ግለሰብ ከገዛችሁ ደግሞ ቢያንስ የማሽኑን ተከታታይ ቁጥር፣ ዋጋውን፣ ቀኑንና የሁለታችሁን ፊርማ ወረቀት ላይ አስፍሩ፣ ማስታወቂያውንም ስክሪንሾት ያዙ። እኔ ማስታወቂያውን አላስቀረሁትም ነበር፣ ልጁ አጠፋው።

ትናንት ማታ ግን አንድ ጓደኛዬ ላከልኝ። በሌላ ስም፣ በሌላ ስልክ ቁጥር ነው። ፎቶው ያው ነው፣ ማሽኑ የተቀመጠበት ሰማያዊ አበባ ያለው የጠረጴዛ ልብስ እንኳ አልተቀየረም። "ፒኤስ ፎር ስሊም፣ በጣም ኒት፣ 14 ጌም የተጫነበት።" ዋጋው አሁን 35 ሺህ ሆኗል። ያ የጠረጴዛ ልብስ ያለበትን ፎቶ ካያችሁ ዲስካችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ኢኒሻላይዝ አድርገው በሉት።