ቀዩን መስመር ላስረዱን የደብረ ማርቆስ መካኒክ

በደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው በእግር በሚደረስ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ አንድ መካኒክ አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም፤ ሾፌሮቹ «ጋሼ» ስለሚሏቸው እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ። የቤተሰባችንን መኪና ሞተር ከመጣል አድነውልናል፤ ለምን እንደተጎዳም በሚገባን ቋንቋ አስረድተውናል። ምስጋናዬ ለሁለቱም ነው፤ ለሁለተኛው ግን ይበልጣል። በጎጃም መኪና ያለው፣ በተለይም ልጁን ወይም ሾፌሩን ሩቅ መንገድ የሚልክ ሰው እኚህን ባለሙያ ቢያውቃቸው እወዳለሁ።

ነገሩ የሆነው ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የወንድሜ ልጅ አማኑኤል ከተማን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ማርሽ ሊመልስ ፈልጎ እጁ ሁለተኛ ውስጥ አስገባው። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ተንገጫገጨ፣ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው መለኪያ መርፌም ቀዩን፣ ሞተሩ ማለፍ የሌለበትን መስመር፣ አልፎ ሄደ። ልጁ ወዲያው ፍሪሲዮኑን መልሶ ረገጠ። መኪናው ሳይቆም ከተማ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ዳገት ላይም ጉልበት አጣ።

መጀመሪያ ያሳየንበት ጋራዥ ድምፁን ሰምቶ «ሞተሩ አልቋል፣ ያገለገለ ሌላ ሞተር ፈልጉ» አለን። አንድም መሣሪያ ሳያነሳ ነው ይህን ያለው። የሞተር ዋጋ ዛሬ ስንት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ጋሼ ግን ካንዴላዎቹን አውጥተው በየሲሊንደሩ የግፊት መለኪያ ገጠሙ። ሦስቱ ተቀራራቢ ግፊት አሳዩ፤ አንዱ ምንም አላሳየም ማለት ይቻላል። በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ለኩ፤ አልተለወጠም። ችግሩ የፒስተን ቀለበት ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ዘግቶ ግፊቱን ከፍ ያደርገው እንደነበር ነገሩን። ቀጥለው በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ለቀቁና የወንድሜን ልጅ ጠርተው ጆሮውን ወደ ጭስ ማውጫው እንዲያስጠጋ አዘዙት። አየሩ በዚያ በኩል ሲያፏጭ ሰማ። የጭስ ማውጫው ቫልቭ አይዘጋም ማለት ነው። የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ሲወርድ አንዱ ቫልቭ ጎብጦ፣ ፒስተኑ አናት ላይም ትንሽ የምት ምልክት አርፎ ተገኘ። ቫልቩን ቀየሩ፣ የቫልቮቹን ሞላዎችና መሪዎች አንድ በአንድ አዩ፣ የዘይት ቋቱንም ከሥር አውርደው ፒስተኖቹን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያገናኙትን ቢዬላዎችና በመገናኛቸው ያለውን ስስ ብረት፣ ብሮንዚኑን፣ መረመሩ። «ያን ያህል ዙር ያየ ሞተር ላዩ ተሠርቶ ታቹ ሳይታይ አይሰጥም» አሉ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ በካርቶን አድርገው መለሱልን። መኪናው ዛሬም ይሠራል።

ከሁሉ በላይ የማከብራቸው ግን ለጥያቄያችን በሰጡት መልስ ነው። ወንድሜ ተናዶ ነበር። መኪናው ኮምፒውተር አለው፣ ዙሩን ይገድባል ተብሎ ነው የተገዛው፤ ታዲያ ለምን አላዳነውም? ጋሼ እጃቸውን ጠርገው ወረቀት አመጡ።

የዙር መገደቢያ የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው አሉ። የሞተሩ ዋና ዘንግ በደቂቃ ምን ያህል እንደሚዞር ከሴንሰር ይሰማል፤ ከቀዩ ጥቂት ሲያልፍ ነዳጁን፣ በአንዳንድ መኪና ደግሞ የካንዴላውን እሳት፣ ይቆርጣል፤ ዙሩ ሲወርድ ይመልሳል። ሰው ቆሞ ነዳጅ ቢረግጥ ወይም በአንደኛ ማርሽ ቢያስጨንቀው ሞተሩ እየተቆራረጠ የሚያጉረመርመው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ቁልቁለት ላይ ግን ሞተሩን ያዞረው ነዳጅ አልነበረም፤ ጎማው ነው። ጋሪ ቁልቁለት ላይ ፈረሱን እየገፋ ሲወስደው ጅራፉን መጣል ፈረሱን አያድነውም። ኮምፒውተሩ ነዳጁን በሰዓቱ ቆርጦ ይሆናል፤ የመኪናው ክብደት ግን ዘንጉን ማዞሩን ቀጠለ። በወረቀቱ ላይ እንዳሰሉት፣ እንደ እኛ ባለ አነስተኛ መኪና ሁለተኛ ማርሽ በተመሳሳይ ፍጥነት ሞተሩን ከአምስተኛው በግምት 2.4 እጥፍ ያዞረዋል። በአምስተኛ 3,300 ዙር ይሄድ ከነበረ በሁለተኛ ወደ 8,000 ይጠጋል። የእኛ መኪና ቀይ የሚጀምረው 6,500 ላይ ነው።

ቀዩ መስመር ለምን እዚያ ላይ እንደተሰመረም አስረዱን። መርፌው 6 ላይ ሲደርስ ዘንጉ በደቂቃ 6,000፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር ፒስተኑ አንዴ ላይ አንዴ ታች ቆሞ አቅጣጫ ይቀይራል፤ በሰከንድ 200 ጊዜ ማለት ነው። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ቢዬላውን የሚጎትተው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ከ6,000 ወደ 8,000 መውጣት ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል እንጂ ጉተታውን ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል። ቫልቩን የሚመልሰው ሞላ ደግሞ የራሱ አቅም አለው። ከአቅሙ በላይ ሲፈጥን ቫልቩ በጊዜው ሳይዘጋ ይቀራል፤ በዚያ ቅጽበት ፒስተኑ ወደ ላይ ከደረሰ ይመታዋል። የእኛ ቫልቭ የጎበጠው እንዲህ ነው። ሁለቱ በፍጹም የማይገናኙበት የሞተር ዓይነት እንዳለም ነግረውናል፤ የእኛ ግን ከዚያ ወገን አይደለም።

አጠገባችን የነበሩ የአይሱዙ ሾፌር የእርሳቸው መኪና ለምን ያን ያህል ዙር እንደማይደርስ ጠየቁ። መልሱ ለእኔ አዲስ ነበር። የናፍጣ ሞተር ከፍ ያለ እመቃ ስለሚሸከም ፒስተኑና ቢዬላው ከባድ ናቸው፤ ናፍጣው ሲሊንደሩ ውስጥ ተረጭቶ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ እስኪቃጠልም ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የቤንዚን የቤት መኪና ቀይ ባብዛኛው ከ6,000 እስከ 7,000 ላይ ሲሆን የቀላል ናፍጣ መኪና ከ4,000 እስከ 5,000 አካባቢ ነው፤ የትልልቅ የጭነት መኪና ደግሞ ከዚያም ብዙ ዝቅ ይላል። በድሮዎቹ ናፍጣዎች ዙሩን የሚገድበው የነዳጅ ፖምፓው ላይ ያለው ገቨርነር የሚባል መቆጣጠሪያ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከጎማ የሚመጣውን አይከለክልም። ከተለማማጆቹ አንዱ የፎርሙላ ዋንን ሲያነሳ ጋሼ በደስታ መለሱለት፤ ከ2014 ጀምሮ በውድድሩ ደንብ የተፈቀደው 15,000 ዙር ነው፣ እዚያ ግን ፒስተኑ የሚሄደው 53 ሚሊሜትር ብቻ ነው አሉት። ልጁ ወዲያው ሜትር አንስቶ ሲለካ አየሁት። ተለማማጆችን በስድብ ሳይሆን እንዲህ ነው የሚያሳድጓቸው።

ስለ ከፍታችንም የተናገሩት ለጎጃም ሾፌር ሁሉ ይጠቅማል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ አየር አጭቆ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ወይም ከዚያ የበለጠ ያጣል። ስለዚህ እዚህ ዳገት የሚወጣ ሰው ዙሩን ከፍ ማድረጉ ግድ ነው፤ የሞቀ ሞተር ከቀዩ በታች ቢጮህ አይጎዳም። ብዙ ሰው የሚፈራው ጩኸቱን ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ሞተሩን እያንገጫገጨ ይወጣል። ጋሼ ይህንን አጥብቀው ይቃወማሉ። በዝቅተኛ ዙር ነዳጅ ረግጦ መጫን ቢዬላውንና ብሮንዚኑን ይደበድባል፣ የዘይቱም ግፊት ያን ጊዜ አነስተኛ ነው። ቀዩ መስመር ግን ከፍታ አይቶ አይለወጥም፤ የተሰመረው ለአየሩ ሳይሆን ለብረቱ ነውና። ጠዋት በብርድ የተነሳ ሞተር ደግሞ ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ቀዩ መጠጋት የለበትም።

ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ለሚወርድ ሰው የሚሰጡት ምክር ለብቻው ሊጻፍ ይገባዋል። በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገቡ፣ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ልማድ በጣም ያስቆጣቸዋል፤ እኔም አሁን እንደ እርሳቸው እቆጣለሁ፣ በዚያ ገደል ስንት ሰው እንደተቀበረ እናውቃለንና። ኢንጄክሽን ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ትርፉ አደጋ ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዝቅ ያለ ማርሽ ማስገባት፣ መርፌው ከቀዩ ርቆ መሐል ላይ እንዲቆይ ማድረግ፣ ወደ ቀዩ ሲወጣ ደግሞ መጀመሪያ በፍሬን ፍጥነቱን ቀንሶ ከዚያ ማርሽ መለወጥ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ በእኛ ላይ የደረሰው ይደርሳል። ፍሬኑም ለረጅም ጊዜ ተረግጦ መያዝ የለበትም፤ ሲግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል።

ወደ ጋራዡ ለሚሄዱ ጥቂት ልንገራችሁ። አውቶማቲክ ካምቢዮ አይነኩም፤ በግልጽ ተናግረው ወደሚያውቀው ሰው ይልካሉ። ዋጋውን ከመጀመራቸው በፊት ይናገራሉ፤ የተጨመረ ዕቃ ካለ ደውለው ያስፈቅዳሉ። ወረፋ ስላለ በጠዋት መድረስ ይሻላል። ከተቻለ መኪናውን የሚነዳው ሰው ራሱ ይሂድ፤ ምን እንደሰማና መርፌው የት እንደነበረ መጠየቃቸው አይቀርምና።

ጋሼ፣ የወንድሜ ልጅ አፍሮ አንገቱን ደፍቶ በቆመበት ሰዓት አልገሠጹትም። «ፍሪሲዮኑን ቶሎ መርገጥህ ነው ሞተሩን ያተረፈው» ብለው ቀና አደረጉት። ለዚህም፣ ለሥራዎም ከነቤተሰቤ አመሰግንዎታለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።